ያገለገለ የመስክ መኪና ሲገዛ ከቍጥሩ ይልቅ ገላውና መዝገቡ ይመርመር

ቀድሞ በኢትዮጵያ ገበያ በቅሎ የሚገዛ ሰው በሻጩ አፍ ብቻ ተማምኖ ገንዘቡን አይቈጥርም ነበር። የበቅሎዋን ከንፈር ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋ ገጣባ እንዳለበትና እንደሌለበት ይመረምራል፤ ኮቴዋን አንሥቶ ይመለከታል፤ ከዚያም በኋላ ጥቂት መንገድ አስኪዶ አረማመዷን ያጤናል። ዕድሜዋ ስንት እንደ ሆነ ሻጩን መጠየቁ አይቀርም፤ ነገር ግን መልሱን እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ማስረጃ አይቀበለውም ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ዓመት የደከመበትን ገንዘብ ለአንድ የመስክ መኪና የሚያወጣ ነጋዴ በመሪው ፊት ለፊት ያለውን የኪሎ ሜትር ቈጣሪ አንድ ጊዜ አይቶ፥ «ብዙ አልሄደም» ብሎ ቀብድ ሲከፍል ይታያል። አባቶቹ ለበቅሎ ያደርጉት የነበረውን ጥንቃቄ ልጆቹ ለመኪና መንፈጋቸው የሚያስደንቅ ነው።

ጉዳዩ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። የመስክ መኪና ለነጋዴ የሥራ መሣሪያ ነው። ቡና ከሊሙና ከጌራ የሚሰበስብ፥ ሰሊጥ ከሑመራና ከመተማ የሚገዛ፥ ከብት ከቦረና የሚያስመጣ ነጋዴ በመከር ወይም በገበያ ወራት መኪናው ለአንድ ሳምንት ቢቆምበት የሚያጣው የጥገናውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ለሌላ ገዢ ያስረክባል፤ ለገበሬውም ሆነ ለደንበኛው የሰጠውን ቃል ያጥፋል። ከዚህም በላይ በመኪናው ውስጥ የሚቀመጡት ሾፌሩና ረዳቱ፥ ብዙውንም ጊዜ ነጋዴው ራሱ፥ ነፍሳቸውን ለፍሬኑና ለመሪው አደራ ሰጥተው የሚጓዙ ሰዎች ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ በመጣሉ ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስመጣት እጅግ ውድ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በመሆኑም የናፍጣ የመስክ መኪና የሚፈልግ ነጋዴ በአብዛኛው ፊቱን የሚያዞረው ቀድሞ ወደ ገቡትና ከእጅ ወደ እጅ ወደሚዛወሩት ነው። አማራጭ ሲያንስ ገዢ ይቸኩላል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለውም፥ በችኮላ የተገዛ መኪና ባለቤቱን በየጋራዡ ገንዘቡን ሲለቅም ያኖረዋል።

እንግዲህ የሁሉ ዓይን የሚያርፍበት ያ ቍጥር ምን ያህል ይታመናል? በአሮጌዎቹ መኪናዎች ላይ ያለው ቈጣሪ ከካምቢዮው በኩል በሚመጣ ሽቦ የሚዞር መሣሪያ ነው። ሽቦው ከተፈታ መኪናው እየሄደ ቈጣሪው ይተኛል፤ መሣሪያው ከቦታው ከወጣም ቍጥሮቹ ወደ ኋላ ሊመለሱ ይችላሉ። አንዳንዶቹም አምስት አኃዝ ብቻ ስላላቸው 99,999 ከሞላ በኋላ እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ። ስለዚህ 40,000 የሚል ንባብ 140,000 ወይም 240,000 ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ሻጩ መዋሸት እንኳ አያስፈልገውም፤ ዝም ማለቱ ይበቃዋል። አዲሶቹ የኤሌክትሮኒክ ቈጣሪዎች አይነኩም የሚለውም እምነት ከንቱ ነው፤ ተስማሚው መሣሪያ በእጁ ያለ ሰው እነዚህንም ይለውጣቸዋል። እርግጥ በአንዳንድ መኪናዎች የተጓዘው ርቀት ከቈጣሪው ሌላ በሌሎች የመኪናው የኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ውስጥም ስለሚመዘገብ፥ ባለሙያ በመመርመሪያ መሣሪያ ሁለቱን ንባቦች ሊያስተያይ ይችላል። ቢሆንም ይህ ዘዴ ለሁሉም መኪና አይሆንም።

ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ እርሳስ አንሥቶ ቢያካፍል ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ለምሳሌ 15 ዓመት ያገለገለ መኪና ቈጣሪው 40,000 ቢያሳይ፥ በዓመት የሄደው 2,667 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በሳምንት ደግሞ 51 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፥ ይህ መኪና በዓመት አራት ጊዜ እንኳ ጅማ ደርሶ አልተመለሰም ማለት ይሆናል። ለገጠር ሥራ ተገዝቶ በገጠር የዋለ መኪና እንዲህ አርፎ ይኖራል ብሎ የሚያምን ነጋዴ በራሱ መደብር እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢቀርብለት ጸሐፊውን በቁጣ አይጠይቅምን?

ቍጥሩ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ ሁሉን አይናገርም። በአስፋልት ላይ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 100,000 ኪሎ ሜትር የጨረሰ መኪና ሞተሩ የሠራው 1,667 ሰዓት ያህል ነው። በድንጋያማና በጭቃማ መንገድ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር እየተጎተተ ያንኑ ርቀት የጨረሰው ግን ሞተሩ 4,000 ሰዓት ሠርቷል። ሁለቱም ቈጣሪዎች የሚያሳዩት ቍጥር አንድ ነው፤ የሁለቱ መኪናዎች ድካም ግን ከእጥፍ በላይ ይለያያል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ እየሠራ ሰው ሲጠብቅ የሚያሳልፈውንም ሰዓት ቈጣሪው አይመዘግበውም። እንደዚሁም ዙሪያው ከመጀመሪያው ጎማ በ10 ከመቶ የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና 100,000 ሲያሳይ በእውነት የሄደው 110,000 ነው።

የተለወጠ ቍጥር የሚያስከትለው ጉዳት በዋጋ ብቻ የሚያበቃ የሚመስለው ገዢ አለ። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን አንድ ምሳሌ ያስረዳል። በኢትዮጵያ ገጠር በብዙ የሚታወቀው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር፥ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ አለው። ይህም ቺንጋ በአብዛኛው 100,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ እንዲለወጥ የታዘዘ ነው። ቈጣሪው 150,000 ከነበረበት ወደ 70,000 ቢመለስና ቺንጋው ሳይለወጥ ቢቀር፥ አዲሱ ባለቤት ገና 30,000 ኪሎ ሜትር የቀረው መስሎት በሰላም ይነዳል። ቺንጋው በመንገድ ላይ በተበጠሰ ጊዜ ግን ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ሞተሩም በዚያው ይሰበራል። ስለዚህ የሐሰት ቍጥር በሽያጩ ቀን ገንዘብ ወስዶ አይቆምም፤ ከወራት በኋላም መኪናውን ሊገድል ይችላል። ተገቢው ማስረጃ ያልቀረበለት ገዢም ቺንጋውን፥ የሞተሩን፥ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ዘይት ሁሉ እንዳልተለወጠ ቈጥሮ በገዛበት ሳምንት ቢያስለውጥ፥ ወጪውንም ከዋጋው ላይ ቢከራከር መልካም ነው።

ታዲያ የመኪና ጥርስ የቱ ነው? በመጀመሪያ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን መርገጫ ላስቲኮች፥ የመሪውን ዙሪያ፥ የካምቢዮውን እጀታ፥ የሾፌሩን መቀመጫ የበር በኩል ጠርዝና የበሩን ማጠፊያ መመልከት ያስፈልጋል። 60,000 ኪሎ ሜትር ሄደ የተባለ መኪና የፍሪሲዮን መርገጫው ላስቲክ አልቆ ብረቱ ከታየ፥ አንደኛው እየዋሸ ነው፤ ብረት ደግሞ ሐሰት መናገር አልተማረም። ሁሉም ነገር አዲስ ላስቲክና አዲስ የመቀመጫ ልብስ የለበሰ ከሆነም ለምን እንደ ተለወጠ መጠየቅ ተገቢ ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተሙት አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ጎማ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ጎማ አልተለወጠም እየተባለ የጎማው ዓመት ከመኪናው ዓመት ብዙ ዘግይቶ ከተገኘ፥ የሻጩ ቃል በዚያው ፈረሰ።

ሁለተኛው ምርመራ ኮርቻውን አስወርዶ ገጣባውን እንደ ማየት ያለ ነው። መኪናው በጉድጓድ ላይ ይቁም ወይም ከፍ ይደረግ፤ ሻንሲውም ከዳር እስከ ዳር በመብራት ይታይ። ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት ስፍራና መሪው በታሰረበት አጠገብ ስንጥቅ ወይም የብየዳ ምልክት ቢኖር መኪናው ከዐቅሙ በላይ ተጭኗል ወይም ተጋጭቷል ማለት ነው። ከሥር በኩል በቅርቡ ጥቁር ቀለም የተቀባ መኪና ሲገኝ ገዢው ደስ ከመሰኘት ይልቅ መጠርጠር ይኖርበታል። በተለይ በአፋር የጨው ምድር የዋለ መኪና በሚገባ ካልታጠበ ጨው ብረቱን ከውስጥ እየበላ ስለሚሄድ፥ ላይ ላዩ ያማረ ሻንሲ በትንሽ መዶሻ ሲመታ ድምፁ የዛገ ሊሆን ይችላል። የወለሉ ምንጣፍም ይነሣ፤ ከሥሩ የደረቀ ደለል፥ በመቀመጫውም ሐዲድ ላይ ዝገት ቢታይ መኪናው በወንዝ ወይም በጎርፍ ውስጥ ተኝቷል። የዲፈረንሻሉ ዘይት በጥቂቱ ተቀድቶ ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቶበታል።

ሦስተኛው የሞተሩ ምርመራ ነው። ይህም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሊደረግ ይገባል። ገዢው ሲደርስ እጁን በኮፈኑ ላይ ያሳርፍ፤ ኮፈኑ ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታልና በማግስቱ ጠዋት መመለስ ይሻላል፤ የደከመ ሞተር ጕዱ የሚገለጠው በብርድ ሲነሣ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ውስጡ ወተት የመሰለ አረፋ ከያዘ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል ተብሎ ይጠረጠራል። የጢሱንም ቀለም መለየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ሲጫን ጥቂት ጥቁር ጢስ ቢያወጣ በዚህ ብቻ ሊኰነን አይገባውም። ሰማያዊ ጢስ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን ያመለክታል፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ሊያመለክት ይችላል።

በመጨረሻም መኪናው በዳገትና በቁልቁለት ይነዳ። በአራቱም ጎማዎች እንዲጎትት የሚያደርገው ማርሽና ከባዱ የጉልበት ማርሽ መግባታቸውና መውጣታቸው ይፈተን፤ ብዙ ገዢዎች መኪናውን የሚመርጡበትን ይህንኑ ኀይል ሳይሞክሩት ይገዛሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያልፈው የዓባይ በረሃ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የፍሬን ሸራው ያለቀ መኪና ይህን ጕድለቱን በአዲስ አበባ ሜዳ ላይ ሸሽጎ በዚያ ቁልቁለት ላይ ይገልጠዋል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ስለ ዋጋ መከራከር የለም።

ከገላው ምርመራ ጋር እኩል መታየት ያለበት የመኪናው መዝገብ ነው። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። ሻጭም መኪናው የት እንደ ዋለ ሲጠየቅ፥ «የአንድ ትልቅ ሰው ነበረ» ብቻ ብሎ ቢመልስ የበቅሎዋን መልስ መለሰ። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሞተርና የሻንሲ ቍጥሮች በመኪናው ላይ ከተቀረጹት ጋር ይመሳከሩ፤ መኪናው በስንት እጅ እንዳለፈ ይጠየቅ፤ የጥገና ደረሰኞች በቀናቸው ተራ ይደርደሩ። በብዙ መሥሪያ ቤቶችና የርዳታ ድርጅቶች ሾፌሩ በወጣ ቍጥር መነሻና መድረሻ ኪሎ ሜትሩን እየጻፈ የሚፈርምበት የጉዞ መዝገብ አለ። የዚህ መዝገብ ቅጂ ከተገኘ ከማናቸውም የደላላ መሐላ ይበልጣል። መኪናውን የነዳውን ሾፌር አግኝቶ መጠየቅም ባለቤቱን ከመጠየቅ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል።

ለምሳሌ አንድ የጅማ ቡና ነጋዴ በተመሳሳይ ዓመት የተሠሩ፥ 12 ዓመት ያገለገሉ ሁለት መኪናዎች ቀረቡለት እንበል። የመጀመሪያው 78,000 ያሳያል፤ ቀለሙ ያበራል፤ ወረቀት ግን የለውም፤ የፍሪሲዮን መርገጫውም ብረቱ ወጥቷል። ሁለተኛው 265,000 ያሳያል፤ ቀለሙ ደብዝዟል፤ መቀመጫው ተቀዷል፤ ነገር ግን የጉዞ መዝገቡ ሙሉ ነው፤ የታይሚንግ ቺንጋው በ98,000ና በ197,000 እንደ ተለወጠ ደረሰኝ አለው፤ ሻንሲውም ጤነኛ ነው። ብዙ ነጋዴ ለመጀመሪያው የበለጠ ዋጋ ሰጥቶ ይወስደዋል። ማስተዋል ያለው ግን ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ምን እንደ ተደረገለትና ምን እንደ ቀረበት ስለሚያውቅ፥ የሚቀጥለውን ቺንጋ በ297,000 ገደማ፥ ፍሪሲዮኑንና አሞርዛተሩንም በቅርቡ እንደሚለውጥ አስቦ ገንዘቡን ሊያዘጋጅ ይችላል። ይህም ሲባል ብዙ የሄደ መኪና ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም፤ የታወቀ ድካም ካልታወቀ ዕረፍት ይሻላል ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ ሻጮችንና ደላሎችን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። እነርሱም የሚያቀርቡት መልስ አለ፤ ይኸውም፥ «ገዢው ከሩቅ በስልክ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ስንት ሄደ የሚል ነው፤ 265,000 ብለን እውነቱን ብንነግረው መኪናውን ሊያይ እንኳ አይመጣም» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ሐሰተኛውን ከበደሉ አያነጻውም፤ ነገር ግን ከእውነት የራቀ አይደለም። ለትንሽ ቍጥር ብዙ ብር የሚከፍል ገዢ እስካለ ድረስ ትንሽ ቍጥር የሚያዘጋጅለት ሰው አይጠፋም። እውነቱን የተናገረ ሻጭ መኪናው ሳይሸጥ እየቀረ፥ ቍጥሩን ያስለወጠው ግን በማግስቱ ገንዘቡን እየቈጠረ የሚሄድበት ገበያ ቅን ሰዎችን ከገበያው የሚያስወጣ ነው። ስለዚህ መድኀኒቱ ከገዢው እጅ ይጀምራል፤ እርሱም ዋጋውን ከቍጥሩ አንሥቶ በመዝገቡና በገላው ላይ ሲያደርግ፥ የቈጣሪ መመለስ ትርፉ ይቀራል።

ሕጉም ቢሆን የሚረዳው ጠንቃቃውን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የተረከበውን ዕቃ በተቻለ ፍጥነት መርምሮ ጕድለት ቢያገኝ ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ዕቃው በውል የተነገረለት ዐይነትና ጠባይ ሳይኖረው ሲቀርም ሻጩን ኀላፊ ያደርገዋል። ዳሩ ግን ብዙው የመኪና ሽያጭ ውል ስለ ኪሎ ሜትር አንድም ቃል አይናገርም፤ በአፍ የተነገረውን ደግሞ በኋላ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ከዚህ የተነሣ በነጋዴዎች መካከል ሦስት ልማዶች ቢጸኑ ታላቅ ጥቅም ይገኛል። አንደኛ፥ በማናቸውም የሽያጭ ውል ላይ በርክክቡ ቀን የታየው የቈጣሪ ንባብ፥ ሻጩም ስለ እውነተኛነቱ የሚሰጠው ቃል በጽሑፍ ይግባ፤ የማያውቅ ሻጭ እንደማያውቅ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ መኪናውን የሚመረምረው መካኒክ በገዢው የተመረጠና ከገዢው የተከፈለ ይሁን፤ ሽያጩ ሲፈጸም ከደላላው ድርሻ የሚጠብቅ መካኒክ ዳኛም ተሟጋችም ሊሆን አይችልም። ሦስተኛ፥ የጥገናውና የጉዞው መዝገብ እንደ ሊብሬው ሁሉ ከመኪናው ጋር ለገዢው ይሰጥ።

የዛሬ ገዢ የነገ ሻጭ ነውና፥ ይህ ሦስተኛው ልማድ ከእያንዳንዱ ንግድ ቤት ሊጀመር ይችላል። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ፋይል ማውጣት፥ ዘይት በተለወጠና ቺንጋ በተቀየረ ቍጥር ደረሰኙን ከቀኑና ከኪሎ ሜትሩ ጋር በዚያ ውስጥ ማኖር ለንግድ ቤቱ ጸሐፊ በወር ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ መኪናው ሲሸጥ ግን ያ ቀጭን ፋይል ከአዲስ ቀለም ይልቅ ያምራል። ገዢው ቈጣሪውን አይቶ ቢያመነታ፥ ባለቤቱ ሳይምልና ሳይገዘት ፋይሉን በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋለታል።